የጋሽ ደበላ ኮትና የአቃቂው ድልድይ

ባለፈው ሳምንት የተበላሸች የኤሌክትሪክ ምድጃዬን ላሠራ ከኮዬ ፈጬ ወደ አቃቂ በሰቃ ስወርድ፣ ታክሲው ድልድዩ አፋፍ ላይ ቆመ። የመንገዱ ግማሽ ታጥሮ መኪናው ሁሉ በአንድ መስመር ተራ ይጠብቃል። ረዳቱ «ትንሽ ነው፣ ታገሡ» ቢልም፣ እኔ መታገሥ የምችለው ተቀምጬ ሳይሆን እየሄድኩ ነውና ምድጃዬን በዘንቢል አንጠልጥዬ ወረድኩ። ድልድዩ መሐል ስደርስ ሽታው አፍንጫዬን ያዘው። የማስቲሽ ሽታ ነው፣ ግን የጫማ ሰፊ ማስቲሽ አይደለም። በሁለት ቆርቆሮ መጥቶ ሲቀላቀል ዓይን የሚያስለቅስ፣ ሌላው ሰው ፊቱን የሚያዞርበት፣ እኔ ግን ሳላፍር ልናገርና ከሽቶ አስበልጬ የምወደው ሽታ። ከአርባ ዓመት በላይ አላሸተትኩትም ነበር። ባለሁበት ቆምኩ፣ ከኋላዬ የመጣ ሰውዬ «እማማ፣ አሞዎት ነው?» ብሎ ክንዴን ያዘኝ።

ሽታው የሚመጣው ከድልድዩ ሥር ነው። በጎን ባለው ቁልቁለት ትንሽ ወረድ ብዬ ሳይ፣ ቢጫ የራስ ቁር የደፋች ልጅ መሰላል ላይ ሆና ከድልድዩ ሆድ ላይ ሽቦ ያላቸው ቀጫጭን ነገሮች ትለጥፋለች። ምን እንደምትሠራ ጠየቅኳት። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ወርዳ ጓንቷን አውልቃ አስረዳችኝ። ስሟ ሊዲያ ነው፣ መሐንዲስ ናት። ድልድዩ ዕድሜ ሲጫነው፣ ከባድ መኪናም ሲመላለስበት ምን ያህል እንደሚለጠጥ እነዚህ ነገሮች ቀንና ሌሊት ለኮምፒውተሯ ይነግሯታል። ለአሮጊት እንደሚነገር ቀስ እያለች ነበር የነገረችኝ። እኔም እስክትጨርስ ጠብቄ፣ ከለጠፈችበት ክንድ ተኩል ያህል ራቅ ብሎ፣ ቀለም ተቀብቶባቸው ይሆናል እንጂ ሁለት የናስ ነጥቦች መኖር አለባቸው አልኳት። ልጅቷ መሰላሉን መልሳ ወጥታ በጥፍሯ ቀለሙን ፋቀች። ናሱ ቢጫ ብሎ ወጣ።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለችኝ።

ማን እንደሆንኩ ለመናገር ብዙ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ። የዛሬን አያድርገውና አቃቂ ያኔ የራሷ ከተማ ነበረች፣ አዲስ አበባ መሄድ «ከተማ መውጣት» ይባል ነበር። ጠዋት የፋብሪካው ፉጨት ሲነፋ ሰማያዊ ካፖርት የለበሱ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች መንገዱን ይሞሉታል፣ ባቡሩ በበኩሉ ሲደርስ ይጮሃል፣ ሰዓት ያለው ሰው እምብዛም ስላልነበረ ኑሯችን በእነዚህ በሁለቱ ጩኸት ይመራል። ከጣቢያው ማዶ ያለው ሻይ ቤት ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት ሳንቲም ነበር። ሬዲዮው ከጠዋት ጀምሮ ዘፈን ይለቅ ነበርና እኔ ፓስቲዬን ቀስ ብዬ የምበላው ስለማይጣፍጥ ሳይሆን ዘፈኑ እንዳያመልጠኝ ነበር። ጋሪው ከበሰቃ እስከ ጣቢያ በስሙኒ ይወስዳል፣ ባለጋሪው ቆንጆ ሴት ካየ አሥር ሳንቲም ይቀንሳል ይባላል፣ ለእኔ አንድ ቀን ቀንሶልኛል። መንግሥት የተለወጠው ከዚያ በፊት ይሁን በኋላ አሁን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ። የለበስኩትን ግን አልሳሳትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በመንገድ መሥሪያ ቤት ድልድይ ክፍል በጊዜያዊነት የተቀጠርኩ ዕለት ግራጫ ጉርድ ቀሚስ፣ ነጭ ሸሚዝና የእናቴን ቀይ ሻርፕ ነበር የለበስኩት።

ሥራዬ የድልድዩን ልክ መጻፍ ነበር። ልኩን የሚያነቡት ደግሞ ጋሽ ደበላ። ጋሽ ደበላ እዚያው የወንዙ ዳር ገበሬ ልጅ ናቸው፣ ድልድዩ ሲሠራ አሸዋ ጠባቂ ሆነው ገቡ፣ ድልድዩ ሲያልቅ ሌላው ሠራተኛ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ እሳቸው ከድልድዩ ጋር ቀሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ካኪ ኮት የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ሰፈሩ «የድልድዩ ሐኪም» ይላቸዋል። ለቀልድ የተጀመረ ስም ነው፣ እሳቸው ግን ከምር ወስደውታል፣ እኔም በኋላ ከምር ወሰድኩት። ምክንያቱም አርማታ ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሸክም ሲቆይበት በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይጎብጣል፣ የተሸካሚ ሰው ትከሻ እንደሚጎብጥ። ይህ በዓይን አይታይም። ስለዚህ በድልድዩ ሆድ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተለጠፉ የናስ ነጥቦች ነበሩ፣ በዚያ ዓይን በሚያስለቅስ ማስቲሽ አልፎ አልፎ የላላውን መልሰን እንለጥፋለን። በወር አንድ ጊዜ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ልክ እንኳ ተለውጦ እንደሆነ እናያለን። ሆዱ ከተለጠጠ ወገቡ ጎብጧል ማለት ነው።

መለኪያችን ፊቱ ክብ ሆኖ ቀስት ስላለው «ሰዓቱ» እንለዋለን። ሰዓቱ ድልድዩን ከመንካቱ በፊት በአንዲት ስንዝር በምታክል የብረት ዘንግ ላይ ያርፋል፣ ቀስቱም እዚያ ላይ ዜሮ ይደረጋል። ዘንጓ ልኳ ሁልጊዜ አንድ ነው ተብላ ትታመናለች፣ ድልድዩ የሚዳኘው በእሷ ነው። ይህን ሁሉ የምናደርገው ፀሐይ አርማታውን ሳትነካው፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ጋሽ ደበላ ብቻቸውን በመሰላል ይወጣሉ፣ እኔ ከታች ወንዙ ዳር ቆሜ የሚጠሩትን ቁጥር በመዝገቡ ላይ እጽፋለሁ። ጉርድ ቀሚስ ያደረገች ልጅ መሰላል አትወጣም የሚል ሕግ ነበራቸው፣ እኔም ቅዝቃዜውን ስለምጠላ ክርክር አላበዛሁም። ወንዙ ያኔ ልብስ የሚታጠብበት ንጹሕ ውኃ ነበር። አጣቢዎቹ ሴቶች በማለዳ መጥተው «ዛሬስ በሽተኛው እንዴት አደረ?» ይሉናል። ጋሽ ደበላ ከላይ ሆነው «ከእናንተ ወገብ የእሱ ይሻላል» ብለው ይመልሳሉ።

አንድ ሐምሌ ጋሽ ደበላን ሳንባ ምች ጣላቸው። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ብቻ ቀርቷቸው ነበር። የሐምሌውን ንባብ እኔ እንድወስድ ታዘዝኩ። የወንድሜን ሱሪ ለበስኩ፣ ከታች ሰፊ የሆነውን ያን የዘመኑን ሱሪ፣ ቁልቁለቱን ስወርድ አጣቢዎቹ ሴቶች እስኪበቃቸው ሳቁብኝ፣ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። በሰዓቱ ሣጥን ክዳን ውስጥ የተለጠፈ የእንግሊዝኛ ወረቀት ነበር። ጋሽ ደበላ እንግሊዝኛ አያነቡም፣ እኔ ግን አዲስ ምሩቅ ነኝ፣ ወረቀት ያለውን እንደ ወንጌል ነው የምፈጽመው። ዘንጓን ከድልድዩ ሥር ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስቀምጣት ስለሚል አስቀመጥኳት። ከዚያ አንድ በአንድ አነበብኩ። ቁጥሮቹን ከሰኔው ጋር አስተያየሁ። ሁሉም ዘለዋል። በአሥራ አንድ ዓመት መዝገብ ውስጥ ያልታየ መለጠጥ በአንድ ወር ታየ። እንደገና አነበብኩ። ያው ነው።

ኃላፊያችን ኢንጂነር ኃይሉ ሳቅ የማያውቁ፣ ክራቫታቸው ከአንገታቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። መዝገቡን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ከሁለት አንዱ ነው አሉ፣ ወይ ድልድዩ እየወደቀ ነው፣ ወይ ያለፈው አሥራ አንድ ዓመት ጽሑፍ ከንቱ ነው። ድልድዩ ከሆነ ከሰኞ ጀምሮ ካሚዮንና የፋብሪካ አውቶቡስ አያልፍበትም፣ ሠራተኛው በክረምት ጭቃ ከማዶ በእግሩ ይሄዳል። ጽሑፉ ከሆነ ደግሞ መዝገቡ ይጣላል፣ ከዜሮ ይጀመራል። ቀኑ ዓርብ ነው፣ እስከ ሰኞ መሐል ላይ ያለው ሁለት ቀን ብቻ ነው። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ስለ ካሚዮኑ ብዙም አልተጨነቅሁም። የጨነቀኝ መዝገቡ ነው። ጋሽ ደበላ የአባታቸው እርሻ በመንገድና በፋብሪካ አልቋል፣ ወንድ ልጃቸው ርቆ ሄዷል፣ «ይህን ሠራሁ» ብለው የሚያሳዩት ነገር ቢኖር ያ መዝገብ ነው። እንግዳ ሲመጣ እንኳ የሚያወሩት ስለ እሱ ነበር።

ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። አልጋ ላይ ነበሩ። ባለቤታቸው እንዳይነሡ ቢለምኗቸውም በማግስቱ ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በዱላ ተደግፈው ድልድዩ ሥር ደረሱ። ዘንጓን ለመኑኝና ዓርብ ማታውኑ ሰጥቻቸው ነበር። እያሳሉ መሰላሉን ያዙ፣ እኔም የወንድሜን ሱሪ ለብሼ ስለነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ተከትያቸው ወጣሁ። የኮታቸውን ሦስት ቁልፎች ፈቱ። እጃቸውን ከብብታቸው ሥር አስገብተው ዘንጓን አወጡ። ስቀበላቸው አሁን ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ሞቃ ነበር። ሰዓቱን በእሷ ላይ አሳርፈው ዜሮ አደረጉና ድልድዩን ማንበብ ጀመሩ። የሚጠሯቸው ቁጥሮች የሰኔዎቹ ናቸው። የግንቦቶቹ ናቸው። ድልድዩ ምንም አልሆነም።

መደሰት ነበረብኝ። ግን ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። የረዘመች ዘንግ ድልድዩን ካለው አሳጥራ ታሳያለች። እሳቸው ሁልጊዜ የለኩት በሞቀች ዘንግ ነው፣ እኔ በቀዘቀዘች ለካሁ፣ ዝላዩ ያ ነው።

«ጋሽ ደበላ፣ ዘንጓን ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚይዟት?» አልኳቸው።

«የት ልያዛት? ጠል ይብላት?»

የመጀመሪያው መሐንዲስ ሲያስረክባቸው፣ ዝገት ከነካት አለቀላት፣ እንደ ዕንቁላል ያዟት ብሏቸው ነበር አሉ። ጋሽ ደበላ ደግሞ የገበሬ ልጅ ናቸው፣ ዕንቁላል እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቁት ከዶሮዋ ነው። በሚያነቡበት ዕለት ዋዜማ ዘንጓን ከሣጥኑ ያወጣሉ፣ ከብብታቸው ሥር ሻጥ ያደርጋሉ፣ አቅፈዋት ያድራሉ። አሥራ አንድ ዓመት። ዝም ብል ሁለቱ ንባቦች ስለማይገጥሙ ድልድዩ በከንቱ ይዘጋል። ብናገር የእሳቸው መዝገብ ይጣላል። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፣ እንዲህ ዓይነት ምርጫ ገጥሞኝ አያውቅም ነበር። በመጨረሻ መሰላሉ ላይ እንደቆምን ሁሉንም ነገርኳቸው። ወረዱ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እና አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የለካሁት ድልድዩን ሳይሆን ብብቴን ነው በይኛ» አሉ።

ከዚያ ተነሡ፣ ኮታቸውን ቆለፉና ቢሮ እንሂድ አሉኝ። እኔ ልናገር ብላቸው እምቢ አሉ። «ኢንተላ ኮ፣ አንቺ የያዝሽው እርሳስ ነው። ዘንጓን የያዝኩት እኔ ነኝ።» በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነበር። ከዚያ በፊት እንዲያ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም።

ያኔ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራል። ኢንጂነር ኃይሉ ሰምተው አላመኑም፣ በመኪናቸው ይዘውን መጡና በራሳቸው ዓይን አዩ። ጋሽ ደበላ ከብብታቸው አውጥተው አነበቡ፣ ከዚያ ዘንጓ ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀመጠችና እኔ አነበብኩ። በሁለታችን መካከል ያለው ልዩነት ያ እንቅልፍ የነሣን ዝላይ ነው፣ አልጎደለም አልተረፈም። ድልድዩ ነጻ ወጣ። ኢንጂነሩ ወደ ጋሽ ደበላ ዞሩ፣ ሽማግሌው በዱላቸው ተደግፈው አንገታቸውን ደፍተዋል።

«አንድ ቀን እንኳ ዘንጓን ውጭ አሳድረው፣ ቀዝቅዛ ያነበቡባት ቀን አለ?»

ጋሽ ደበላ ክስ መስሏቸው ድምፃቸው ወረደ። «አንድም ቀን የለም ጌታዬ። ልጄን የዳርኩ ዕለት እንኳ ሙሽሮቹን ሸኝቼ፣ ከአዲሱ ልብሴ ሥር እንደያዝኳት አድሬ ነው የመጣሁት።»

ኢንጂነር ኃይሉ ሳቁ። ክፍላችን ውስጥ ይህን አይቻለሁ የሚል ሌላ ሰው የለም፣ እኔ ግን አይቻለሁ፣ ክራቫታቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ፣ ድልድዩ ስንት እንደሆነ ሳይሆን ስንት እንደተለወጠ ነው የምንፈልገው አሉ። አንድ ቀን ሞቃ አንድ ቀን ቀዝቅዛ ቢሆን ኖሮ መዝገቡ ለምንም አይረባም ነበር። «ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት የሚሳሳት ሰው ለውጡን አይስተውም። መዝገብዎ ደህና ነው፣ ጋሽ ደበላ።» ጋሽ ደበላ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ፣ ያን ጊዜ ሳሉ ይሁን ሌላ ነገር ትከሻቸው ሲነቃነቅ አየሁ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በቀሩት ወሮች ሁለታችንም አነበብን። እኔ በመዝገቡ ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ፣ አንዱን «በጥላ»፣ ሌላውን «በብብት» ብዬ በሚያምር ጽሕፈቴ ጻፍኩበት። ኢንጂነሩ አይተው ቃሉን ሊለውጡት እስክሪብቶ አነሡና ተዉት። ጋሽ ደበላ ከወጡ በኋላ ሰዓቱ የእኔ ሆነ። ቋሚ ሆንኩ፣ ሱሪ የራሴን ገዛሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ እርጉዝ ሆኜም መሰላል ወጥቻለሁ። ጋሽ ደበላ እስኪሞቱ ድረስ በየወሩ ንባብ ማግስት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው «እንዴት ነው?» ይሉኝ ነበር። «ትንሽ ጎብጧል» እላቸዋለሁ። «እኔም» ይሉኛል። አሁን ያ ሰፈር ፎቅ ነው፣ ወንዙም አፍንጫ ተይዞ ነው የሚታለፈው፣ ባጃጁ ያኔ ጋሪው ይቆምበት በነበረው ማዕዘን ይሰለፋል። አልከፋኝም። የቆምኩበት ድልድይ ያው ነው፣ እኔም በእግሬ ነው የመጣሁት።

ሊዲያ ይህን ሁሉ ጓንቷን በእጇ እንደያዘች ሰማችኝ። ከዚያ ከቦርሳዋ ኮምፒውተሯን አወጣች። መዝገባችን አለ። አንድ ሰው ከመጋዘን አግኝቶ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶታል። የእኔን ጽሕፈት በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ሳየው ልጅነቴን ያየሁ ያህል ደነገጥኩ። የእሷ አዳዲስ መለጠፊያዎች የሚያውቁት ከዛሬ ወዲያ ያለውን ብቻ ነው አለችኝ፣ ድልድዩ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዴት እንደኖረ የሚናገር ያ መዝገብ ብቻ ነው። ግን የቢሮዋ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን አሥራ አንድ ዓመታት አውጥተው ሊጥሏቸው ወስነው ነበር። ከኋለኞቹ ጋር አይገጥሙም፣ «በብብት» የሚለውን ዓምድ ደግሞ ቢሮው ሁሉ የአንድ ሰነፍ ጸሐፊ ቀልድ ነው ብሎ ስቆበታል። ሰነፏ ጸሐፊ እኔ ነኝ አልኳት።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም፣ ማስላት ጀምራ ነበር። ሁለቱ ዓምዶች ያሉት ለክረምቱ ብቻ ስለሆነ የክረምቱን ልዩነት ታውቀዋለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድስ? እሷ በአንደበቷ የጠየቀችኝ ይህ ነው፦

«እማማ፣ ጋሽ ደበላ በብርድ ጊዜ ከኮታቸው ሥር ምን ይለብሱ ነበር?»

ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ይህን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ክረምቱን ከሸሚዙ በላይ አንድ ሹራብ ነበር አልኳት፣ ኅዳር ሲገባ ባለቤታቸው የሠሩላቸውን አረንጓዴ ወፍራም ሹራብ ይደርባሉ። ዘንጓ ግን ሁልጊዜ ከሹራቡ ሥር ናት፣ ሸሚዛቸው ላይ፣ ከገላቸው አጠገብ። ሊዲያ ጻፈች። አንድ ሁለት ነገር ነካካች፣ ተቆርጦ ለብቻው ይንሳፈፍ የነበረው የአሥራ አንድ ዓመት መስመር ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ ከእኔ መስመር ጋር ገጠመ። የጻፈችውን እንዳነብ መስታወቱን ወደ እኔ አዞረችው። «የዘንጉ ሙቀት፦ የአንባቢው፣ የአቶ ደበላ የሰውነት ሙቀት። በክረምት አንድ ሹራብ፣ ከኅዳር ጀምሮ ሁለት» ይላል።

ምድጃዬን መሬት አስቀምጬ አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ ነው። ጋሽ ደበላ ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ድልድዩ በተለካ ቁጥር ግን፣ የማያውቋቸው ልጆች የገላቸውን ሙቀት ከሒሳቡ ያስገባሉ።